አንድም ሚስማር የሌለው ቤተ ክርስቲያን

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ። እዚያው ቆሜ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከመንገዱ ማዶ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ ይታዩኝ ነበር።

ከእናንተ መሀል "እኔ የምፈራው ሲመሽ ብቻ ነው" የሚል ካለ... እሱ ያንብበው።

ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነው። የሚያውቁት ሁሉ "እጁ ወርቅ ነው" ይሉታል። እኔ ደግሞ የድሮ ቤቶችን እየለካሁ ንድፋቸውን አነሳለሁ። እሱ "ሜትር" ይለኛል፣ እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለየብቻ የያዝነው ሥራ የለም።

የዚያን ቀን የተጠራነው አንድ ያረጀ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለመጠገን ነበር። አገልግሎቱ ወደ አዲሱ የብሎኬት ሕንጻ ከተዛወረ ቆይቷል። መንደሩ ግን ለአሮጌው ይሳሳለታል፤ ዓይናችን እያየ አይወድቅም ብለው ነው የጠሩን።

ሁለመናው እንጨት ነው። ግድግዳው ወፋፍራም ግንዶች ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው፣ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ጫፋቸው እንደ ጣት ይቆላለፋል። ክዳኑ እንኳ ስስ የእንጨት ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳይጎነበሱ አይገባም።

አንድም ሚስማር የለውም።

ጋሼ ማዕዘኑን በመዳፉ ሲዳብስ ቆየና፣ "እነዚህ ሰዎች አናጺ አልነበሩም፤ ሸማኔ ነበሩ" አለኝ።

ቁልፉን የያዙት አባ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ታሪኩን እየሳቁ ነው የነገሩን። ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ ታች ወንዙ ዳር ነበር አሉ። ወንዙ እየሞላ ሲያስቸግር ያኔ የነበሩት ሰዎች ግንዶቹን ሁሉ በመጥረቢያ ምልክት አደረጉባቸው። ከዚያ አፍርሰው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ወደ ኮረብታው አወጡት። ምልክቱን እያዩም መልሰው ገጠሙት።

"ታዲያ አንድ ግንድ ተረፈ ይባላል" አሉ አባ።

"ጎደለ ለማለት ነው?"

"ተረፈ ነው የምልሽ፣ ልጄ። ሲያፈርሱ ያልነበረ ግንድ ሲገጥሙ ተገኘ። ምልክትም የለው። እንተወው ሲሉ ግድግዳው አልገጥም አለ። እሱ ሲገባ ነው የቆመው።"

በእጃቸው አሳዩን። በስተግራ ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ያለው ነው። ጋሼ ሳቀና ቆጣሪው እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል አለ። አባም ሳቁ፤ ጥላ ሥር አረፍ ልበል ብለው ወጡ።

መለካት ጀመርን።

ሌሎቹ ግንዶች ተሰነጣጥቀዋል፤ ምስጥ በልቷቸዋል። እሱ ግን አንድ ጭረት የለበትም።

የሌሎቹ ጫፍ ላይ የዛፉ ዕድሜ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። የእሱ ጫፍ ልሙጥ ነው... እንደ ሕፃን ተረከዝ።

ሸረሪት እንኳ ድሯን እሱ ጋ ስትደርስ አቋርጣ፣ ዘላው፣ ከበላዩ ቀጥላለች።

መዳፌን አሳረፍኩበት።

"ጋሼ... ይሄኛው ይሞቃል።"

ከውጭ ፀሐይ መትቶት ነው አለኝ። በዚያ በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላውን እንደጣለ ግን ስንገባ ሁለታችንም አይተናል። አልተከራከርኩትም።

በግንዶቹ መሀል ነፋስ እንዳይገባ ደረቅ ሳር ተጠቅጥቋል። ከዚያ ግንድ ሥር ያለው ሳር አንድ ቦታ ላይ ረግፎ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ጋሼ የበሰበሰ ነገር ካለ ልይ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ቀኝ እጁን አስገባ።

እስከ አንጓው።

ከዚያ እስከ ክርኑ።

ከዚያ... ባለበት ቀረ።

"ጋሼ?"

ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

"ሜትር" አለ በሹክሹክታ። "እንዳትጮኺ።"

"ምን ሆንክ?"

"ይዞኛል።"

"ምኑ? ስንጥር ነው?"

"እጅ ነው... ትንሽ እጅ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል፣ አንገቱ ላይ ላቡ ሲንቆረቆር አየሁ።

"ጣቶቼን እየቆጠረ ነው" አለ። "ይጨርስና... እንደገና ይጀምራል።"

አሁን ልብ በሉ። የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ስንዝር ትንሽ ነው የሚበልጠው። የለካሁት ራሴ ነኝ። የጋሼ እጅ ደግሞ እስከ ክርኑ ገብቷል። ስለዚህ መዳፉ በውጭ በኩል መታየት አለበት።

ሮጬ ወጣሁና ሕንጻውን ዞርኩ።

ምንም የለም። ግንድ በግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ወረቀት እንኳ አያስገባም።

በቡጢ ደበደብኩት። ከውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ... የሚለማመጥ ድምፅ።

"አትምቺ... ይፈራል። ሲፈራ ያጠብቃል።"

አባን ጠራኋቸው። መጥተው አዩት። እሳቸው መላ አያጡም ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ። አባ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ከአባታቸውም አልሰሙም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣቸውም።

ሰው ልጥራ ስል ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ኮቴ ሲበዛ ጣቱን ሊሰብረው ይደርሳል አለ።

መጋዙን አነሳሁ።

ግንዱ ላይ አሳረፍኩት። አንዴ ገፋሁ፣ አንዴ ሳብኩ።

ጋሼ አቃሰተ።

ዞር ብዬ ሳየው ሸሚዙ ትከሻው ላይ በቀጭኑ ቀልቷል። መጋዙ አጠገቡም አልደረሰም። ገልጬ አየሁት... እንደ ክር የቀጠነ ቁስል። ርዝመቱም፣ ጥልቀቱም፣ ልክ መጋዙ ግንዱ ላይ የተወውን ያህል።

መጋዙ ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የግራ እጁን ያዝኩ። እኔ በዚህ በኩል ይዤዋለሁ... ያ ነገር በዚያ በኩል ይዞታል። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አያለሁ። ከማዶ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማኛል። ዓለም እንደ ወትሮው ናት።

"ሜትር... እየጠየቀኝ ነው።"

"ምን ብሎ?"

"አብሬህ ልሂድ ነው የሚለው።"

ግራ እጁን አጥብቄ ያዝኩ።

"ምን ልበለው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እሺ በለው እንዳልል ምን እንደሆነ አላውቅም። እምቢ በለው እንዳልል ክንዱን አያለሁ፤ ከክርኑ በላይ ያለው ቆዳ እየገረጣ፣ እየደረቀ፣ የግንዶቹን መልክ እየያዘ ነው። አባን አየኋቸው። አባ ወለሉን ነው የሚያዩት።

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ።

"እሺ" አለ። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ በቀስታ። "እሺ... ና።"

እጁ ወጣ።

እንዲሁ፣ ያለ ምንም ትግል። ጭረት እንኳ የለበትም። ገርጥቶ የነበረው ቆዳም ዓይናችን እያየ መልኩ ተመለሰ። ግን መዳፉ ተጨብጧል። ጥብቅ ብሎ ሳይሆን... ላላ ብሎ፣ በውስጡ የሆነ ነገር እንዳለ ሁሉ።

አባ በሩን ቆልፈው፣ ሳይሰናበቱን፣ እየተቻኮሉ ሄዱ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ራጅ አነሱት። አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው፤ ድንጋጤ ይሆናል፣ ሲረጋጋ ይፈታል አሉን።

አልተፈታም። በግራው መሥራት ለመደ።

ሌላም የለመደው ነገር አለ። በር ከፍቶ ሲያልፍ ወዲያው አይዘጋውም። ትንሽ ይጠብቃል... ከዚያ ይዘጋዋል። አልጋው ላይ ጥግ ይዞ ነው የሚተኛው። ለምን ስለው፣ "እኔ እንጃ" ይለኛል። የምር አያውቅም፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ከኋላው ነበርኩ። ቀኝ ክንዱ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ መኪና እስኪያልፍ ቆምን።

መኪናው አለፈ። ጋሼ ሊሻገር እግሩን አነሳ።

ክንዱ ወደ ኋላ ተወጠረ።

እጅጌው ሲሳብ አየሁ። ማንም አልነካውም። አጠገቡ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሁለት እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

ጋሼ ወደ ታች አየ። ከጎኑ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ።

"ደክሞታል" አለኝ በሹክሹክታ።

ጎንበስ አለ። ያ ተጨብጦ የከረመው መዳፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ከመሬት ምንም ያልሆነ ነገር አነሳና ደረቱ ላይ ታቀፈው።

ቀና ሲል... ከክብደቱ የተነሳ ጉልበቱ ተብረከረከ።