ከሚስማሩ ያልወረደው ስም

ብዋሽ ይቺ እጄ ትቆረጥ። ሰው ያወራልኝ አይደለም፤ በእኔው በሄሱክ ላይ የደረሰ ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል።

መንደራችን በኮሪያ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሽና ሰፊ የጭቃ ሜዳ ትቶልን ይሄዳል። እኛ ሴቶቹ በአንድ ጉልበታችን ሳንቃ ላይ ተንበርክከን፣ በሌላው እግራችን እየገፋን፣ ከዚያ ጭቃ ሥጋው የሚበላ ዛጎል እንለቅማለን።

ስንወርድ ስማችን የተጻፈበትን እንጨት መውረጃው ግንብ ላይ ባለው በየሚስማራችን እንሰቅላለን። ስንመለስ እናወርደዋለን። ውሃው መጥቶ የተሰቀለ ስም ከተገኘ... አንድ ሰው ቀርቷል ማለት ነው።

ካለፈው ጸደይ ጀምሮ አንድ ስም እንደተሰቀለ ነው።

የእማማ ጆምሱን።

የአማቴ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። ጭቃው ዋጣቸው። ሳንቃቸው ተገኘ፣ እሳቸው አልተገኙም። እንጨታቸውን ለማውረድ የደፈረ የለም።

ጭቃችን ድሮ ሰው አይውጥም ነበር። ዛጎል የሚመጥ ትልቅ መርከብ መጥቶ ነው ሜዳውን ጉድጓድ በጉድጓድ ያደረገው። የተቃጠለ ዘይቱንም እዚያው ይደፋል። አሁን ዛጎሉ አፉን ከፍቶ ይሞታል፣ ጭቃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

መርከቡ የገባው ሁላችንም በፊርማ ፋንታ በምናትመው በየስማችን ማኅተም ስለፈቀድን ነው። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።

የዛጎል ለቃሚዎቹ ማኅበር ጸሐፊ እኔ ነኝ። የአሮጊቶቹ ማኅተም እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ በአደራ ይቀመጣል። አማቴና እማማ ጆምሱን እምቢ ብለው ነበር። ሁሉ ያተመበትን ሁለት አሮጊት ለምን ያበላሹታል ብዬ... እኔው አተምኩላቸው።

ይህን ማንም አያውቅም።

ያን ማክሰኞ ጉም በአንዴ ወረደ። የመመለሻውን የነሐስ ደወል የሚመታልን የባሌ የአጎት ልጅ ቺልቦክ እየሮጠ ወደ መውረጃው መጣ። በጉም ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን አያምንም። ነሐሱን ሰምቶ ቀጥ ብሎ ወደ ድምፁ ይመጣል።

"ማን ቀረ?"

"አማቴ።"

"በሰባ ስምንት ዓመታቸው! አንቺስ ዝም ትያለሽ?"

"እሳቸው ባላቸውንም ሰምተው አያውቁ፣ እኔን ሊሰሙ ነው?"

ሦስት ጊዜ መታ።

ጓ... ጓ... ጓ...

አዳመጥን።

ጓ... ጓ... ጓ...

ከባሕሩ በኩል።

"የገደል ማሚቶ ነው" አልኩ።

"እዚህ የት አለ ገደል?" አለኝ። 

መምቻውን ጣለው። ከባሕሩ በኩል ያለው ግን አላቆመም።

 አማቴ ያን ሰምተው ወደ ባሕሩ ቢሄዱስ? ውሃው ሊመለስ ግማሽ ሰዓት አልቀረውም። ስሜን ሰቀልኩና ሳንቃዬን ይዤ ወረድኩ።

"ሄሱክ! ተመለሺ!"

አልተመለስኩም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ እሳቸው ናቸው።

ጉሙ ውስጥ የሳንቃቸውን ዱካ ጭቃው ላይ አገኘሁ። ተከተልኩት።

ትንሽ እንደሄድኩ ዱካው ሁለት ሆነ... ጎን ለጎን።

አማቴ ግን ብቻቸውን ነበር የወረዱት።

ከዚያ የሰው ሹክሹክታ ሰማሁ። አማቴ ሳንቃቸው ላይ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዙረው ያወራሉ።

"እማማ!"

"ቀስ በይ። ጉድጓዱ እግርሽ ሥር ነው።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ጥቁር ዘይት ሞልቶበታል።

"እንሂድ፣ ቺልቦክ ነሐሱን..."

"የቺልቦክን አትስሚ። ወደሱ ቀጥ ብለሽ ከሄድሽ ጉድጓድ ነው። ጆምሱንም እሱን ሰምታ ቀጥ ብላ ስትሄድ ነው የገባችው።" ወደ ባሕሩ ጠቆሙኝ። "ያንን ተከተዪ።"

"ማነው... የሚመታው?"

"እሷ ናታ።"

 ድምፁ ከፊት ከፊታችን እየሄደ በባሕሩ በኩል አዙሮ ወደ መውረጃው መራን። አንድም ጉድጓድ አላገኘንም። ውሃው ተረከዛችን ላይ ደርሶ ነበር።

መውረጃው ጋ ስንደርስ አማቴ ቆሙ።

"ጆምሱን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። 'ማኅተሜ የት ነው?' አለችኝ።"

"ምን... አሏት?"

"'ሄሱክ ዘንድ ነው፣ አደራ አትበላም' አልኳት።" ዓይኔን አዩኝ። "ዋሸሁ እንዴ ልጄ?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

"አልዋሹም" አልኩ።

በባሕሩ በኩል የሚመታው ነሐስ ቀጥ አለ።

አማቴ እንጨታቸውን አወረዱ። እኔም የእኔን አወረድኩ። ግንቡ ባዶ ሆነ።

ባዶ!

"የእማማ ጆምሱንን ማን አወረደው?" አልኩት ቺልቦክን።

"ስጠብቅ ነበር እኮ..." ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "አንዴ ዞር አልኩ። አንዴ ብቻ።"

ቤት ስንደርስ ደጃፋችን ላይ፣ ጫማ የምናወልቅበት ቦታ፣ አንድ የጎማ ቦት ጫማ ቆሟል። አፍንጫው ወደ ውስጥ ነው። ጥቁር ዘይት ይንጠባጠብበታል።

አማቴ ጎንበስ ብለው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ጫማውን አስተካከሉ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ቀን ወዲህም አልተናገሩኝም።

ውስጥ ማንም የለም። መሳቢያዬ ተከፍቷል። ከማኅተሞቹ አንዱ የለም።

እንጨቴን ትራሴ ሥር አድርጌ አደርኩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሲነጋ ትራሴን አነሳሁ። እንጨቱ የለም። ወደ መውረጃው ሮጥኩ።

የእማማ ጆምሱን ሚስማር ላይ ስም ተሰቅሏል። የእኔ ስም።

ከሥሩ ቀይ ማኅተም አርፎበታል... የእሳቸው። በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ ገና አልደረቀም።