የተነከሰችው ድቡልቡል ቸኮሌት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ጎረቤቶቼ ነው። እኔን በሕንጻችን «እትዬ ሬዲዮ» ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ የገዛ ባለቤቴ ነው። ማታ ማታ «እህ፣ ዛሬስ ምን አለ?» እያለ የሚከፍተኝ ግን እሱ ራሱ ነው። ሥራዬ ልብስ መጠገን ነው። የስፌት መኪናዬ በሩ አጠገብ ናት፤ በሩን ደግሞ ለአየር ብዬ ገርበብ አደርገዋለሁ። ለአየር ነው! ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ በፊቴ ካለፈ እኔ ምን ላድርግ?

አንድ ሰኞ ጠዋት ከደረጃው ኳ! ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? ጥርስ! ደረጃው ሙሉ ጥርስ!

«በፈጠራችሁ! ማን ተደባደበ?» ብዬ ጮህኩ።

የተደባደበ የለም። ፎቅ ላይ አዲስ የገባችው ተከራይ ካርቶን ተሸክማ ስትወጣ፣ ከላይ ሲጣደፍ የሚወርደው ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ገጭቷት ኖሯል። ጥርሶቹም የጀሶ ናቸው። ልጅቷ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሰውን ንክሻ ልክ እየወሰደች፣ በጀሶ እየቀረጸች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታዘጋጃለች።

«ይቅርታ... ይቅርታ አድርጊልኝ...» እያለ ሰዓት ሠሪው ተንበርክኮ መልቀም ጀመረ። ዝም ብሎ ቢለቅም መልካም። እሱ ግን የላይኛውን መንጋጋ ከታችኛው እያጋጠመ ጥንድ ጥንዱን ደረደረው።

ልጅቷ ወገቧን ይዛ አየችው።

«እንዴት ለየሃቸው? እኔ እንኳ ቁጥራቸውን ሳላይ አልለያቸውም።»

«ሰዓት ሠሪ ነኝ። ጥርስ ያለው ነገር ሁሉ የሚገጥመውን ያውቃል» አለና ፈገግ አለ።

ይሄኔ ልጅቷ ጎንበስ ብላ አፉን ትመረምር ጀመር።

«የፊት ጥርስህ ተሸርፏል። የግራው። ጫፉ ላይ፣ ሦስት ማዕዘን መስሎ።»

አፉን ግጥም! የሰዓት ማሰሪያ ፒን በጥርሱ የማውጣት አመል አለበት። «ጉጠት ምን ሊሠራልህ ነው የገዛኸው?» ብዬ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

«ብቅ በል፣ እጠግንልሃለሁ» አለችው።

ከልቧ ነው፤ ሥራዋ ነዋ! እሱ ግን በሐፍረት ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ባለችበት አፉን ከፍቶ ስቆ አያውቅም። ከንፈሩን ጨምቆ፣ በአይኑ ብቻ ነው የሚስቀው።

ሳምንት ሳይሞላ ሱሪ ላሳጥር ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። ሱሪው አልረዘመም።

«እትዬ... ሰው ለአዲስ ጎረቤት... እንዲያው ለምሳሌ... ምን ቢሰጥ ጥሩ ነው?»

«ጎረቤቱ ሴት ነው ወንድ?»

«እንዲያው... ጎረቤት።»

«ቸኮሌት የማትወድ ጎረቤት አይቼ አላውቅም» አልኩት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። እሷን ሳልጠይቅ መለስኩለት። የሰፈሩን ሁሉ ጠይቄ የማድር ሴትዮ፣ ለዋናው ነገር ጥያቄ አጠረኝ!

ሰዓት ሠሪው የሱቅ ቸኮሌት አይሆንም፣ በእጄ ካልሠራሁት አለ። ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያና አንዲት አሮጌ ፍሪጅ እንጂ ምድጃ የለውም። ቢሆንም ቸኮሌቱን በፈላ ውሃ እንፋሎት አቀለጠ፣ በክሬምና በቅቤ ለወሰ፣ አድበልብሎ አቀዘቀዘ። ከዚያ በትንሽ ካርቶን አድርጎ የልጅቷ በር እጀታ ላይ አንጠለጠለው። ስም የለው፣ ወረቀት የለው።

«ስምህን ጻፍበት እንጂ!» አልኩት።

«አይሆንም እትዬ። ስሜን ካወቀች በይሉኝታ ትበላና "ይጣፍጣል" ትለኛለች። እኔ እውነቱን ነው የምፈልገው። ይማሉልኝ፤ ከአፍዎ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

ማልኩ። እዩት እንግዲህ፣ ሬዲዮ ሲምል!

በነጋታው ሰዓት ሠሪው በክሊኒኩ በኩል ሲያልፍ (ሱቁ ግን በዚያ በኩል አይደለም) ጥበቃው ያቺኑ ካርቶን ታቅፎ ጣቱን ሲልስ ያየዋል።

«ከየት አገኘኸው ወንድሜ?»

«ጥርስ ሠሪዋ ሰጠችኝ። እኔ አልነካውም ብላ። ትቀምሳለህ?»

አልቀመሰም። በየት አንጀቱ ይቀምሳል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ካገኛት ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ያልፋል። ሰላምታውም ቀረ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ልጅቷ የካፖርቷ ቁልፍ ተበጥሶ ይዛ መጣች። ወንበር ስቤ ሻይና ብስኩት አቀረብኩላት።

«እትዬ፣ ሰዓት ሠሪውን ምን በደልኩት? ሰላም ስለው ግድግዳውን ነው የሚያየው።»

«ጥርሱን ነካሽበታ!»

«ውይ! በሱ ነው? እኔ እኮ የሰው ፊት እረሳለሁ፤ ጥርስ ግን አልረሳም። ልማድ ሆነብኝ። የተነከሰ ነገር ካየሁ የማን ንክሻ እንደሆነ እለያለሁ።»

«ሂጂ! ቀላማጅ!»

ነክሼ ያስቀመጥኩትን ብስኩት አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«እርስዎ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ጥርስ የለዎትም።»

ጉንጬን በእጄ ያዝኩ። ባለቤቴ እንኳ ይህን ሳያውቅ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል!

«አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ። በሬ ላይ ቸኮሌት ያንጠለጠለው ማነው?»

ምላሴ በላኝ። መሐላዬ ያዘኝ።

«ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» አልኳት።

«መች ቀመስኩት? ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እኔ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም እትዬ፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም። በልጅነቴ ወተት ስጠጣ ፊቴ ያብጥ ነበር። መጀመሪያ ሰውነቴ እምቢ አለ፤ ሳድግ ደግሞ እኔም አብሬው እምቢ አልኩ።» ብስኩቴን መለሰችልኝ። «ግን አሁንም ከሐሳቤ አልወጣም። ሁሉም አንድ ልክ! አንዱ ካንዱ ፀጉር አይበልጥም። እንዲህ የሚጠነቀቅ እጅ የማን ነው? ማመስገን እንኳ ሳልችል ልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ክሊኒኩ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ። ከፈለግሽ ሂጂ ብለውኛል። ዓርብ መልስ እሰጣለሁ፤ እሺ ካልኩ ቅዳሜ መንገድ ነው።»

«ትሄጃለሽ?»

«እዚህ ምን የሚያስቀረኝ አለ እትዬ?»

ቁልፏን ሰፍቼ፣ እሷን ሸኝቼ፣ መርፌው ደረቴ ላይ እንደተሰካ ሰዓት ቤቱ ድረስ ሮጥኩ። በዚህ ሰውነቴ መሮጥ!

«አንተ ደንቆሮ!» አልኩት ገና ከበሩ። «ዋናዋ ደንቆሮ እኔ ነኝ፤ አንተ ግን ትከተለኛለህ!»

የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። አጉሊ መነጽሩን ከአይኑ አወለቀ።

«አልጠላችውም?»

«የጠላችው ቅቤውን ነው! የሠራው እጅማ የማን ነው እያለች ነው።»

«ዓርብ ነው ያሉኝ?»

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ አርባ ሰዓት ተሰቅሏል፤ አርባውም የተለያየ ነው የሚናገረው።

«ሦስት ቀን አለኝ» አለ። እሱን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም ነበር።

ረቡዕ በምሳ እረፍቱ ቴምር፣ የኮኮዋ ዱቄትና የለውዝ ቅቤ ተሸክሞ እኔ ማዕድ ቤት ገባ። እኔ የለውዝ ቅቤውን ሳይ ደነገጥኩ።

«ቅቤ አትበላም አልኩህ እኮ!»

«ለውዝ ተፈጭቶ ነው እትዬ። ላም አላየውም።»

ቴምሩን ፍሬ ፍሬውን አወጣና በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈው። አስር ደቂቃ በቂ ነበር። እሱ ግን ስለ እሷ እየጠየቀኝ፣ እኔም እየመለስኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ረሳነው። ሲፈጨው ሾርባ ሆነ።

«ሰዓት ሠሪ ሆነህ ሰዓት ትረሳለህ?»

«የኔ ሰዓት ከቆመች ሁለት ወር ሆናት» አለ እጁን እያሳየኝ። እውነትም ቆማለች። የሰው እየጠገነ!

ሐሙስ እንደገና ጀመርን። አሁን ቴምሩን እንዳወጣነው ጭምቅ አድርገን፣ በሹካ ደፍጥጠን፣ ኮኮዋውንና ሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምረን፣ በቁንጥጫ ጨው ለወስነው። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደረሰ ማለት ነው። እሳት የለ፣ ምድጃ የለ፤ እኔማ «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ጨዋታ?» እስክል ድረስ። ሰዓት ሠሪው ግን ሊጡን ከመንካቱ በፊት አጉሊ መነጽሩን አይኑ ላይ ሰክቶ ይፈትሸዋል።

«ምን ጠፋብህ?»

«የቴምር ፍሬ ስባሪ ቀርቶበት ጥርሷን ቢጎዳትስ?»

ከዚያ ማድበልበል ጀመረ። የመጀመሪያዋ ስትወጣ የመድኃኒት ክኒን አከለች።

«ለበሽተኛ ነው እንዴ የምትልክላት? አተልቀው!»

አተለቀው። ሁሉንም በኮኮዋ ዱቄት ላይ አንከባለልን፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። ሲወጡ አሥራ ሦስት ሆኑ። አንዷን አነሳና በፊት ጥርሱ ገመጥ አደረጋት።

«እትዬ... ከላይ ጠንክሯል፣ ውስጡ ግን ለስልሷል! ቅቤ እኮ የለውም!» ብሎ ሳቀ። አፉን ከፍቶ፣ ሸራፋ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ስንት ጊዜዬ ያቺን ሳቅ ካየሁ!

የገመጣትን ሰሃን ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። አሥራ ሁለቱን ካርቶን ውስጥ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አመሻሽ ላይ በሯ ላይ አንጠለጠለው። አሁንም ያለ ስም!

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። በአንድ እጇ የጥርስ ልክ የምትይዝበትን ትንሽ ዕቃ ይዛለች። በደጄ አልፋ ወጣች፤ የሄደችውም ወደ ሰዓት ቤቱ ነው። እኔም ድንገት ክር አለቀብኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ስድስት ጥቅል እንደነበር ባለቤቴ ባይመሰክርብኝ ደስ ይለኛል።

ስደርስ እሷ ባንኮኒው ፊት ቆማለች።

«አፍህን ክፈት።»

«እ?»

«ክፈት አልኩህ!»

ምስኪን፣ ከፈተ። ዕቃዋን ገለጠች። ውስጡ ያቺ የተገመጠች ድቡልቡል ቸኮሌት ተቀምጣለች። ወደ አፉ አስጠግታ አየች፤ ወደ ንክሻው አየች።

«የግራው የፊት ጥርስ። ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ባለሙያ አልነበረም። «አንተ ነህ።»

ሰዓት ሠሪው ወደ እኔ ዞረ። እኔ የግድግዳ ሰዓት ማድነቅ ጀመርኩ።

«ይቅርታ» አለ። «ወተቱን አላውቅም ነበር... የመጀመሪያውን ለጥበቃው ስትሰጪው ጠላችኝ ብዬ...»

«ለዚህ ነው ሰላምታ የነፈግከኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«እና ስምህን ለምን አልጻፍክም?»

«በይሉኝታ እንዳትበይው። ብቻ እውነቱን ንገሪኝ... ጣፈጠሽ?»

«አሥራ አንዱን አንዴ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ! በይሉኝታ አሥራ አንድ የሚበላ ሰው አይተሃል?»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። እሱ ግን አልሳቀም። አይኗን እያየ፣

«ዛሬ መልስ የምትሰጪ ነሽ አሉ» አለ።

«አዎ።»

«ትሄጃለሽ?»

የዕቃዋን ክዳን በጣቷ ዳሰሰች። አርባው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ያን ያህል ሰዓት ባንዴ ሲቆጥር ሰምቼ አላውቅም።

«አትሂጂ» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ለመናገር ሦስት ሳምንት ቸኮሌት ሳደበልብል ከረምኩ። በአፌ ይቀል ነበር። ከእኔ ጋር ቅሪ።»

ልጅቷ ዕቃዋን ቀስ ብላ ከደነች።

«ያቺን ጥርስ ለመጠገን ሦስት ቀጠሮ ያስፈልጋል» አለች። «የመጀመሪያው ሰኞ ነው።»

«ሰኞ? አንቺ እኮ ቅዳሜ...»

«ለሰው ቀጠሮ ሰጥቼ ወዴት እሄዳለሁ?»

ያኔ ሳቀ! አፉን ከፍቶ፣ እሷ ፊት! እሷም የተሸረፈችውን ጥርስ እያየች አይኗ እንባ ሞላ። እኔማ ክር መግዛቴን ረስቼ ወጣሁ። ይታያችሁ፣ ያን ቀን ለማንም አላወራሁም። እስከ ማታ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው ከተጋቡ። የሠርጋቸው ዕለት ለእንግዳ ሁሉ ድቡልቡል ቸኮሌት ተሰጠ፤ ሁሉም አንድ ልክ፣ አንድም ቅቤ የሌለበት። የሱ ሰዓትም አሁን ትሠራለች። ጥርሱ ግን አልተጠገነም። ስጠይቃት «ሦስተኛው ቀጠሮ ገና ነው እትዬ» ትለኛለች። እሱም አይቸኩልም።

አንዳንዴ ሻይ ሲጠጡ እኔ ዘንድ «ያቺ የተገመጠችው እንዴት ካርቶኑ ውስጥ ገባች?» ብለው ይገረማሉ። እኔም «ስህተት ነዋ ልጆቼ፤ አይኔ እኮ ደክሟል» እላለሁ። ባለቤቴ ይሄን ጊዜ ያስለዋል።

ለእናንተ ግን አልዋሽም። አሥራ አንዱን ደርድሬ ሰሃኑ ላይ ሁለት ቀርተው ነበር፤ ያልተነካችውና የተገመጠችው። ያልተነካችውን እኔ በላኋት። ከአፌ ቃል እንዳትወጣ ነው የማልኩት እንጂ፣ ወደ አፌ ምንም እንዳይገባ አልማልኩም።