ከኋላ የሚመጡ ወፎች

«አንቺ ልጅ! ምን ትገተሪያለሽ? ድንጋይ አንሺ እንጂ!»

ጥሩሐረግ ደብተሯን በብብቷ፣ ምሳ ዕቃዋን በእጇ እንደያዘች ጓሮ ቆማለች። ወይራዋ በወፍ ጫጫታ ልትፈነዳ ደርሳለች። እባብ መስሏት ነበር፤ እባብ አልነበረም። ከግንዱ ጥግ ተለጥፋ የተቀመጠችው ጉጉት ናት።

መጀመሪያ የጮኸችው አንዲት ድንቢጥ ነበረች። ወዲያው ሁለት ሆኑ፣ አስር ሆኑ። ከጎረቤት ግቢ መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ መጡ፣ ቁራም ሳይቀር መጣ። ኋላ የደረሱትማ ጉጉቷን እንኳ አላዩዋትም፤ ሌላው ስለጮኸ ብቻ ይጮሃሉ። ደፈር ያሉት ጭንቅላቷን ነቁረው ይሸሻሉ። ሁሉም የሚመጡት ከኋላዋ ነው። በፊቷ በኩል የመጣ አንድም የለም። እሷ የጧት ፀሐይ አስጨንቋት ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማ፣ ምንም አላደረገችም እኮ።»

«ጉጉት በጠራራ ፀሐይ ደጅ ካረፈች መርዶ ናት! ሬሳ እስኪወጣ ልትጠብቂ ነው? ወርውሪ ብያለሁ!»

በአጥሩ ማዶ ጎረቤቶችም ይወረውሩ ጀመር። ጥሩሐረግ ድንጋይ አነሳችና ወረወረች። ዒላማ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የዛሬው ግን አልሳተም። ጉጉቷ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተላተመች ወደቀች። ወፎቹም ጸጥ አሉና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ፍሬ ለቀማቸው ተመለሱ።

«እሰይ!» አለች እናቷ እያማተበች። «በይ ወስደሽ ገደሉ ውስጥ ጣያት።»

ጥሩሐረግ በክንፏ አነሳቻት። ወይ ጉድ! ክብደት የላትም፤ ላባ ብቻ ናት። ሰፈሩን ሁሉ ያሸበረችው ይህች ናት? አንድ ዓይኗ ገርበብ ብሎ ያያታል። እንዲህ ያለ አስተያየት ትናንትም አይታለች።

ትናንት ሰኞ፣ በጧቱ ሰልፍ ላይ፣ የልብ ጓደኛዋ ፍቅርአዲስ ድንገት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረችው ዘመናይ ናት። ዘመናይ አምና ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ የመጣች፣ እናቷ ሸክላ እየሠሩ የሚያሳድጓት ልጅ ናት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሆንሽ ደግሞ አለቀልሽ፤ ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይሉሻል።

«ተበልታ ነው!» አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው። ከሰልፉ ጫፍ ያሉት ማን እንደወደቀ እንኳ ሳያዩ «ተበልታ ነው!» እያሉ መጡ። ጨርቅ አቃጥለው ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። «ማን በላሽ? ተናገሪ! ማን በላሽ?»

ፍቅርአዲስ ዓይኗን ስትገልጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከላይዋ ቆሟል። እውነቱን ከእሷ ሌላ የምታውቀው ጥሩሐረግ ብቻ ነበረች። መንገድ ላይ ነግራታለች፦ «ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። የእርዳታው ስንዴ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ በማርያም በይ።» ጥሩሐረግም «በማርያም» ብላ ነበር።

«ዘመናይ ናት» አለች ፍቅርአዲስ። ራበኝ ከማለት ይሄ ቀለላት።

«ከልብሷ ቁረጡ! በልብሷ ካልታጠነች አትለቃትም!»

ለዘመናይ ቅርብ የቆመችው ጥሩሐረግ ነበረች። ለምን እንዳደረገችው እስካሁን አታውቅም፤ እጇን ሰደደችና የሻሿን ጫፍ ቀደደችው። ዘመናይ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አየቻት ብቻ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ግን እሳት ጨመረበት። ከመምሸቱ በፊት አከራያቸው የዘመናይን እናት እስከ እሑድ ቤቴን ልቀቁ አላቸው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሑድ ከሰቆጣ ከወጣች፣ ዘመናይ ፈተናውን አትፈተንም ማለት ነው።

ጥሩሐረግ ጉጉቷን ገደል ውስጥ አልጣለቻትም። ከወይራዋ ሥር ቆፍራ አፈር አለበሰቻት። ትምህርት ቤት ስትደርስ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ ያም ሆኖ ጥፍሯ ሥር ያለው አፈር አልለቀቀም።

በእረፍት ሰዓት ፍቅርአዲስን የውኃ ሮቶው ሥር ብቻዋን አገኘቻት።

«ፍቄ፣ ለቲቸር ወንዳወቅ እንንገራቸው። እነዘመናይን ከቤት ሊያስወጧቸው ነው።»

«ምን ብዬ? ርቦኝ ወደቅኩ ብዬ?» ፍቅርአዲስ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «አቦ ተይኝ! ነገ ደግሞ ‹ረሃብተኛዋ መጣች› ይበሉኝ? በማርያም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ግን እኮ ምንም ሳታደርግ...»

«ሻሿን የቀደድሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዛሬ ጻድቅ ልትሆኚብኝ ነው?»

ፍቅርአዲስ እውነቷን ነው። ጥሩሐረግ አፍራና ተናዳ ወደ ክፍል ሄደች።

የምሳ ደወል ሲደወል ዘመናይ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን ነበረች። ከፊቷ ያሉት ሁለት ዴስኮች ባዶ ናቸው። ምሳ ያላቸው ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ እህሉን በደብተር ከልለው ይጎርሳሉ። ቡዳ እያየ አይበላማ! ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ስታልፍ ከኋላዋ «ትፍ! ትፍ!» ይሏታል። ዞር ስትል ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል።

ጥሩሐረግ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በመካከላቸው አለፈችና ከዘመናይ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ልትቀድጂ መጣሽ ደግሞ?» አለች ዘመናይ ሳታያት።

«ምሳ ልበላ ነው።»

«እያየሁሽ?»

«እያየሽኝ።»

ክዳኑን ከፈተችው። የገብስ ቂጣዋን አውጥታ፣ ሳትከልል፣ ዴስኩ ላይ ለሦስት ቆረሰችው። አንዱን ቁራሽ ወደ ዘመናይ ገፋ አደረገችው። ዘመናይ አልነካችውም።

«ሻሹ የእናቴ ነበር» አለች።

«ይቅርታ» አለች ጥሩሐረግ። ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ከፊት ያሉት ዞሩ። «ኧረ ጉድ ነው! እሷ ፊት ልትበላ ነው!» «ነገ አንቺም ትዘረጊያለሽ፣ ታያለሽ!» አንዱ «ትፍ!» አለ። ሌላው ቀጠለ። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ትፍ ትፍ ሆነ።

ጥሩሐረግ ከጀርባዋ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ቀና ብላ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየች ጎረሰች። ዓይኗ ያረፈበት ልጅ ድምፁን ይቀንሳል፣ ዓይኗ ሲያልፈው ደግሞ ይጀምራል።

ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ቆማለች። የምታየው ጥሩሐረግን አልነበረም፤ ሦስተኛዋን ቁራሽ ነው።

ጥሩሐረግ ተነስታ በጫጫታው መሐል ወደ በሩ ሄደች። ሌላው እንዳይሰማ ጆሮዋ ላይ ተጠጋች።

«ለቲቸር ወንዳወቅ የእኔን ጥፋት እነግራቸዋለሁ፤ ሻሹን ማን እንደቀደደው። ያንቺንም... በማርያም ብዬ ነበር፤ እሱንም ንስሐ እገባበታለሁ። እስከ ደወል እጠብቅሻለሁ፤ አብረን ብንሄድ ይሻላል።»

«ከነገርሽ ጓደኛዬ አይደለሽም።» ፍቅርአዲስ ታለቅሳለች።

«አውቃለሁ።»

ተመልሳ ከዘመናይ አጠገብ ተቀመጠች። ሦስተኛዋን ቁራሽ ከበሩ በኩል ባለው የዴስኩ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻትና ደወሉን መጠበቅ ጀመረች።