ጉዲሳ ያለፈው ዓምድ

የወንድሜ ልጅ እድላዊት ነገሌ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የመመሪያ ገጾችን ታሰናዳለች። ጎበዝ ናት፤ አክስቷ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው። የክትባት ማቀዝቀዣ አያያዝ መመሪያ ስትሠራ ግን ገጹን እንደ ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ከፍላ፣ ፊደሉን አሳንሳ፣ ዳር ዳሩን በቀለም አስጊጣ ጨረሰችው። አለቃዋ አቶ ሥዩም በቢሮው ትልቅ ስክሪን ላይ አይተው "አምሮበታል፣ ይላክ" አሉ። ማን በምን እንደሚያነበው የጠየቀ አልነበረም። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ለሚያጸድቀው እንጂ ለሚጠቀምበት ማን ያስባል?

መመሪያው በቴሌግራም ከደረሳቸው አንዱ ባሏ ጉዲሳ ነው፤ አሬሮ ገጠር፣ በአንዲት ጤና ኬላ ይሠራል። ስልኩ ትንሽ ናት። ፊደሉን ለማየት ገጹን ሲያሰፋው የግራው ዓምድ ብቻ ይታየዋል፤ ያን ጨርሶ ወደ ታች ሲያንሸራትት ቀጣዩ ገጽ ይመጣል። አነባበቡ ግራ ቢያጋባውም ይህን መናገር የሚስቱን ሥራ ማጣጣል መስሎ ስለታየው "ግሩም ነው የኔ ቆንጆ" አላት። ወይ ፍቅር!

አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን አጽድቶ መልሶ አስነሳው። "ቅዝቃዜው ልኩ ላይ ሳይረጋ ክትባቱን አትመልሱ" የሚለው ማስጠንቀቂያ ያለው በቀኙ ዓምድ አናት ላይ ነው። ጉዲሳ አላየውም። ክትባቱን መለሰው፤ ማቀዝቀዣው ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ክትባቱ አድሮ በረዶ ሆነና ተበላሸ። በማግስቱ ዲንኪቱ የምትባል እናት ጨቅላ ልጇን አዝላ በዚያ ፀሐይ ከሩቅ መጣች። ምን ያድርግ? ሌላ ክትባት እስኪመጣ ብሎ መለሳት።

በዚያው ሳምንት እድላዊት ልትጠይቀው ሄዳ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። የሆነውን ሲነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። ጽፌዋለሁ እኮ፣ አስተውሎ ማንበብ የአንባቢው ፈንታ ነው አለች። እሱም ስልኩን ሰጥቷት ማስጠንቀቂያውን እንድትፈልግለት ለመናት። ጣቷ ወደ ታች አንሸራተተ፤ ራሷ የጻፈችውን ራሷ አለፈችው። ክው አለች።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነዋ፣ እድልዬ።"

"እኔን ቅር ቢለኝ ምን ነበረበት? ሕፃኗ ብትታመምስ?"

እዚያው ተቀምጣ መመሪያውን እንደ አዲስ ጀመረችው። ዓምዱን አንድ አደረገች፣ ፊደሉን አተለቀች፣ ማስጠንቀቂያውን ከሥራው በፊት አስቀመጠች። እያንዳንዱን ገጽ በዚያች ትንሽ ስልክ እያስነበበችው፣ እሱም አልገባኝም ማለት ለምዶ፣ እየተነታረኩ ጨረሱት። አቶ ሥዩም ባዶ ባዶ ይመስላል ብለው ሲያጉረመርሙ በአክብሮት "እስቲ በስልክዎ ይዩት" አለቻቸው። አዩትና "ይላክ" አሉ።

አዲሱ ክትባት ሲመጣ ግን ዲንኪቱ አልተመለሰችም። አንዴ በከንቱ የለፋ ሰው ለምን ይመለሳል? ባልና ሚስቱ ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዘው መንደሯ ድረስ ሄዱ። ጉዲሳ "አካም፣ ናጋ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላት ፊቷን አልፈታችም። ጥፋቱ የኛ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ትንሽ አሰብ አደረገችና ልጇን አቅፋ ለመርፌው አቀረበችለት። መርፌው ሲገባ ሕፃኗ በጩኸት መንደሩን አናወጠችው፤ እድላዊትም አብራት አለቀሰች። ዲንኪቱ ያን ጊዜ ሳቀች።

እናንተ ገጽ የምታሰናዱ ልጆቼ፣ ሥራችሁን በሚነበብበት ስልክ ከፍታችሁ እዩት። እናንተ አንባቢዎችም ያልገባችሁን ገብቶናል አትበሉ። ሁሉ ሕፃን ቤቱ ድረስ የሚሄድለት ሰው አያገኝም።