ስንት ናችሁ?

ናሁሠናይ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከግድግዳው ውስጥ እህቱን ትርሲትን «እንዴት አደርሽ?» አላት። እሱ የሚሠራው ከእህቱ እግር በታች ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የምድርን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ጥልቅ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ያን ያህል ዐለት የሰው ድምፅ አያሳልፍም፤ ከታች የሚመጣው በአንድ ቀጭን የመዳብ ገመድ የሚጓዝ ፊደል ብቻ ነው። ፊደሉን ተቀብሎ የጸሐፊውን ድምፅ መልሶ የሚሠራው መሣሪያ ድምፀ-መልስ ይባላል። ትርሲት ሰባት ወር ሙሉ ቁርሷን የበላችው ከዚህ ድምፅ ጋር ነው። በአፋር ረባዳ ምድር ላይ በቆመው የላይኛው ጣቢያ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ በታችኛውም ከወንድሟ በቀር። የቀረውን ሥራ ጠባቂ የሚሉት የሁለቱም ጣቢያዎች ማሽን ያከናውነዋል።

በዚያ ጠዋት ትርሲት ሻይዋን እያማሰለች፣ የእናታቸውን ሬዲዮ የሰበረው እሱ መሆኑን ሆን ብላ አነሳችበት። የሰበረችው ራሷ ነበረች። በዚህ ጉዳይ ሃያ ዓመት ተከራክረዋል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ ድምፁ በእርጋታ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያለችውን ሁሉ ሲቀበል ሰንብቷል፤ ናሁሠናይ ደግሞ በሕይወቱ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከእህቱ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ጠባቂን ብትጠይቀው ሁሉም ደህና መሆኑን ነገራት። ስለዚህ ድምፀ-መልስን ወደ ጎን ትታ፣ በገመዱ የሚመጡትን ፊደላት በገዛ ዓይኗ ልታነብ ወሰነች።

ከመጋዘኑ አንድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አውጥታ ከመዳብ ገመዱ ጋር አገናኘች። የሚያስፈልጋት ሲሪያል አንባቢ ነበር፤ ይኸውም ፊደላትን አንድ በአንድ አሰልፎ በሚያሳልፍ ገመድ ላይ የሚመጣውን የሚያሳይ፣ የሚጻፍበትንም የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥዕልም ድምፅም የለውም፤ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ውስጥ በተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ይሠራል። ፕሮግራሙን ከጣቢያው ማኅደር አግኝታ መጫን ስትጀምር ኮምፒዩተሩ አብሮት የሚሠራ ፋይል እንደጎደለ ነገራት። እሱን ፈልጋ ጫነች። ቀጥሎ ገመዱን ለመጠቀም ፈቃድ እንደሌላት አስታወቃት። የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር ስትከፍት የአሥራ ሁለት የቀድሞ ሠራተኞች ስም አገኘች፤ ከሥራቸው የራሷን ስም ጻፈች። ፍጥነቱን አብዝታ ብትሞክር መስኮቱ በተሰባበሩ ምልክቶች ተሞላ። ወደ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ቢት በሰከንድ ስታወርደው ጸዳ፤ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ነጭ መስመር ብቻ ቀረች።

«ናሁ፣ ጉልበትህን እንዴት አደረገህ?» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ።

«ደህና ነኝ፤ ተሽሎኛል» አላት የወንድሟ ድምፅ።

በመስኮቱ ላይ አንድም ፊደል አልመጣም። ከታች ማንም ምንም አልጻፈም።

ናሁሠናይ የት እንዳለ የሚጠይቅ አንድ መስመር ጻፈች። ፕሮግራሙ የላኪውን ፊደል መልሶ አያሳይም ነበርና ጥያቄዋ ጨለማው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠባቂ መለሰላት።

«ስንት ናችሁ?»

ጥያቄው አልገባትም። ብቻዋን መሆኗን ላለመናገር ሦስት ነን ብላ ዋሸች።

«የምሰማው የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው» ሲል ጻፈ ጠባቂ።

እንዲህ እንዲጠይቅ ማን እንዳዘዘው ጠይቃ ስትጽፍለት፣ ጠባቂ አንድ ያረጀ መመሪያ ከነጸሐፊው ስም አወጣላት፦ «ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገር። ውብሸት አያልነህ።»

ጋሽ ውብሸት ሥራውን ያስተማራት፣ ጡረታ ወጥቶ ከዚያ ሰባ ኪሎ ሜትር በምትርቅ ከተማ የሚኖር ቴክኒሻን ነበር። ስልክ ደውላ መመሪያውን አነበበችለት። እሱም ታሪኩን በአጭሩ ነገራት። የሚስቱን ሞት ያነበበው በዚሁ ጣቢያ፣ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ፣ ከስክሪን ላይ ነው። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ባልደረቦቹ በሚቀጥለው ክፍል ነበሩ፤ አጠገቡ ግን ማንም አልነበረም። ከኀዘኑ ሲመለስ ያቺን መስመር ጻፈ።

«በሚቀጥለው ክፍል ሰው የማይኖርበት ዘመን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አላት።

«ጋሼ፣ ሞቷል እያሉኝ ነው?»

«ትርሲትዬ፣ ከዚያ ወንበር ተነሺ። ምንም አትጻፊ። እየመጣሁ ነው።»

መመሪያውን የሚሽር ትእዛዝ ታውቃለች፤ ስድስት ቃል ነው። አራቱን ጽፋ እጇን አነሳች። ወጥታ በጣቢያው ጥላ ሥር ተቀመጠች። የመመረቂያ ጽሑፏ በአንድ ጣቢያ አንድ ሰው እንደሚበቃ በስሌት ያረጋገጠ ነበር። ሥራው ወደ አንድ ሰው ሲወርድ ያ ስሌት ተጠቅሷል፤ ሜዳሊያም ተሸልማበታለች። ከስሌቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ስሕተት ያገኘበት ሰው የለም። አሁንም በቃሏ ብትደግመው ትክክል ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የጨው መኪና በአቧራ ተሸፍኖ መጣ። ጋሽ ውብሸት ብቻውን አልነበረም። ሾፌሩ፣ ሦስት ጫኞች፣ አንዲት የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ባለቤትና የሻይ ቤቷ ደንበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተከትለውት ወረዱ። ማንንም አታውቅም። በመንገድ ላይ ነግሯቸው ኖሮ አንዳቸውም ምንም አልጠየቋት። በዝግታ ሰላም እያሏት ገቡና ወለሉ ላይ ዙሪያዋን ተቀመጡ። ሴትዮዋ ትከሻዋን ከትርሲት ትከሻ ጋር አስጠጋች።

ጋሽ ውብሸት ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ጎንበስ ብሎ ስምንት መሆናቸውን ጻፈ።

ለጥቂት ጊዜ የመኪናው ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ፊደላቱ መምጣት ጀመሩ። ጠባቂ የናሁሠናይን ስም ከነአባቱ ነበር የጻፈው፤ ገመዱም ዝግ ያለ ነውና አንዱ ፊደል ሌላውን እየጠበቀ ተሰለፈ። የአባቱ ስም ሳያልቅ ሴትዮዋ ትርሲትን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘቻት። ናሁሠናይን አይቶት የማያውቅ አንድ ጫኝ ሽርጡን ወደ ፊቱ ስቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ያን ጊዜ እሷም ማልቀስ ቻለች።

ጠባቂ ጽሑፉን አልጨረሰም ነበር። የቀረውን ያነበበው ጋሽ ውብሸት ነው፦ «የገደለው ጋዝ ነው። በዚያው ሰዓት ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ፤ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። ወደ እሷም ሰው ሲመጣ እነግራታለሁ ብዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን በእሱ ድምፅ እየመለስሁላት ሰው ስጠብቅ ቆየሁ።»