ብሩኖ ሮሲ የሚባል ሰው አልነበረም

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት ወር 1932 ዓ.ም.፣ ቡርያ የምንለው ብርቱ ነፋስ ከካርስት አምባ ወደ ትሪየስቴ ወደብ ሲወርድ በሰነበተበት ሳምንት፣ ድንጋይ ጠራቢው አንድሬይ ሩስያን ዐረፈ፤ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሲሄድ የመቃብሩ ድንጋይ ግን የግቢውን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። በእኛ መንደር ጠራቢ ሁሉ የመቃብሩን ድንጋይ በጤናው ዘመን ራሱ ያዘጋጃል፤ ስሙንና የተወለደበትን ዓመት በገዛ መሮው ይቀርጽና ለመጨረሻው ዓመት ቦታ ይተዋል፤ ያንን ቦታ የሚሞላው የበኩር ልጁ ነው። የፋሺስቱ የጣልያን መንግሥት የሾመው የመንደሩ አስተዳዳሪ፣ የቀድሞው የጦር መኮንን ካቫሊየር ማልቬሊ ግን የእኛ የስሎቬኖች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ከእንግዲህ በመቃብሩ ቦታ አይቆምም ብሎ ከለከለ። ትምህርት ቤታችንን ዘግቶ፣ መዝሙራችንን ከልክሎ፣ ሕያዋኑን አስጨንቆ አልበቃው ብሎ ነው እንግዲህ ወደ ሙታን የዞረው።

የአንድሬይ የበኩር ልጅ ዝቮንኮ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። በድንጋይ ካባው መዶሻ ሲያነሣና ሲጥል የጠነከረው ቀኝ እጁ በቦክስ መድረክ ሠላሳ አንድ ሰው ዘርሯል፤ በኅዳር ወርም በትሪየስቴ ከተማ ከቤልጅጉ ቫን ሎክ ጋር ለአውሮፓ የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮንነት ሊገጥም ቀን ተቆርጦለት ነበር። ስሙን ጣልያናዊ እንዲያደርግ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ታላላቅ ግጥሚያዎች አምልጠውታል። ማልቬሊ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የቀብሩ ሣልስት ሳያልፍ ዝቮንኮን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አስጠርቶ፣ ሳያስቀምጠው፣ ጉዳዩን ነገረው።

«በብሩኖ ሮሲ ስም ትገጥማለህ። ካሸነፍክ እጅህን ዘርግተህ እንደ ፋሺስት ደንብ ሰላምታ ትሰጣለህ። እኔ ደግሞ የአባትህን ድንጋይ አቆምልሃለሁ።»

«እንዳለ? ስሙ ሳይነካ?»

«እንዳለ። የመኮንን ቃሌ ነው።»

እናቱ ወይዘሮ ዮሲፒና ነገሩን ሲሰሙ የባቄላውን ድስት ከእሳት አወረዱ። በኋላም ሮሲ የሚባል ልጅ እንዳልወለዱ ነገሩት።

«እማዬ፣ እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስሜን ነገ መልሼ እይዘዋለሁ» አላቸው። «አባዬ ግን ከዚያ ድንጋይ በቀር ምን ቀረው?»

«ቀምተውህ ቢሆን ታስመልሰዋለህ፤ ራስህ ከሰጠሃቸው ግን ምን ብለህ ትጠይቃቸዋለህ፣ ልጄ?»

በነጋታው ብሩኖ ሮሲ ብሎ ፈረመ። እኔ ዛሬም ድረስ በእርሱ አልፈርድም፤ የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

በግጥሚያው ዕለት ከመንደራችን ስልሳ ያህል ጠራቢዎች ወርደን ከላይኛው እርከን ተቀመጥን። በዙሪያችን ያለው ሕዝብ «ሮሲ፣ ሮሲ» እያለ ሲያስተጋባ እኛ አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን፤ ሩስያን ብለን ብንጠራው ዘብ ይወስደናል፤ ሮሲ እንድንል ደግሞ አንጀታችን አልፈቀደም። ዝቮንኮ በየዙሩ መካከል ቀና ብሎ ያየናል፤ ዝምታችንንም እንደ ቁጣ ቆጠረው። ቫን ሎክ ግራ ቅንድቡን ሰንጥቆት ደሙ ዓይኑን ቢጋርደውም፣ በዐሥራ አንደኛው ዙር ያ ቀኝ እጅ የቤልጅጉን አገጭ አገኘ፤ ዳኛው እስከ ዐሥር ቆጠረ፤ ብሩኖ ሮሲ የአውሮፓ ሻምፒዮን መሆኑ ታወጀ። እርሱም እጁን ዘረጋ። ከእኛ መካከል አንዱ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ፤ ዝቮንኮም አየው።

በማግስቱ መሮና መዶሻውን በከረጢት ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ፤ የመጨረሻውን ዓመት ሊቀርጽ ነው። ድንጋዩ ቆሟል። ነገር ግን ፊቱ ተፍቆ፣ አባትየው በገዛ እጁ ያበጃቸው ፊደላት ጠፍተው፣ በምትካቸው «አንድሬአ ሮሲ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የልጁ ድርሻ የነበረው ዓመት እንኳ በማናውቀው ሰው እጅ ተቀርጿል። ማልቬሊ ሁለት ዘብ አስከትሎ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው፣ ከበሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር» አለ ዝቮንኮ።

«ምን ላድርግ? ልጁ ሮሲ መሆኑን ትናንት በአሥር ሺህ ሰው ፊት ራስህ መሰከርክ። የሮሲ አባት ሩስያን ሊባል ነው?»

አብረነው የሄድን ጠራቢዎች ሁሉ ያ ቀኝ እጅ አሁን ይህን ሰው ይገድለዋል ብለን ነበር። ዝቮንኮ ግን ጀርባውን ሰጠው፤ ተንበርክኮም መሮውን በውሸቱ ስም ላይ አሳረፈና ይፍቀው ጀመር። ዘቦቹ አንድ ጊዜ ጮኹበት፤ አልሰማቸውም። አንዱ በጠመንጃው ሰደፍ ቀኝ እጁን ከድንጋዩ ጋር አጋጭቶ ጨፈለቀው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማን። እርሱም መዶሻውን ጥሎ፣ ጎትተው ሳይወስዱት በፊት፣ በግራው በያዘው መሮ ብቻ የቀረችውን የመጨረሻ ፊደል አጠፋት።

አምስት ዓመት በደሴት እስር ቤት ተቀመጠ፤ እናቱ ሳያዩት ሞቱ። ከጦርነቱ በኋላ ስሙ እንዲታረም ለቦክስ መዝገብ ጠባቂዎቹ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ እነርሱም አንድ ጊዜ ብቻ መለሱለት፤ ግጥሚያው በተካሄደበት ስም ይመዘገባል አሉት። መዝገቡም ዛሬ፣ ብሩኖ ሮሲ ሻምፒዮን ሆኖ በእጅ ጉዳት ምክንያት ማዕረጉን በፈቃዱ ለቀቀ ይላል። በፈቃዱ። እንዲህ ብሎ የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ። ሻምፒዮንነቱን ለሮሲ ሰጡት፤ እስራቱን ግን ሩስያን ታሰረ፤ ሾርባውንም በግራ እጁ እየጠጣ ያረጀው ሩስያን ነበር።