ቅርብ የመሰለው አሸዋ

ቴሬቲያና እጮኛዋ ቴባኖ የተሳፈሩባት ታንኳ እናቱ ወደምትኖርባት ደሴት ስትቃረብ፣ ቴሬቲያ ምንጣፏን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ታራዋ ደሴት ላይ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ማታ ማታ እየተመለሰች፣ አራት ወር ሙሉ በእጇ የጎነጎነችው ነው። የታጨች ልጅ ከባሏ ጋር የምትተኛበትን ምንጣፍ ለአማቷ ደረቁን ታስረክባለች፤ የሠርግ ወሬ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳርቻው ላይ እናቱ ማሬታና ሁለት አክስቶቹ ቆመው ያያሉ።

«አስተማሪዋ እግሯ እንዳይረጥብ ልጃችን ሊሸከማት ነው መሰለኝ» አለች አንዷ አክስት፣ ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ቴሬቲያ ፊቷ ጋለ። ምንጣፉን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተነሳች። ከሥር ነጩ አሸዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቆይ» አለ ቴባኖ እጁን ዘርግቶ። «እዚህ ጋ ውኃው ያታልላል።»

«ከወገብ አያልፍም» ብላ ወረደች።

እግሯ አሸዋውን ባሰበችበት ቦታ አላገኘውም። ሚዛኗን ስታ ከነምንጣፏ ሰጠመች። ቴባኖ በብብቷ ይዞ ሲያወጣት ምንጣፉ እንደ እራፊ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ ሥላ ያስተማረችው ይህንኑ ነው፦ ብርሃን ከውኃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ከሥር ያለው ነገር ወደ ላይ ቀርቦ ይታያል። ለቴባኖም ነግራዋለች፤ «ጦርህን ከዓሣው ዝቅ አድርገህ ወርውር» ብላ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ዓሣ የሚወጋ ሰው፣ አዲስ ነገር እንደሰማ ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጣት። ያውቀው እንደነበር አሁን ገና ገባት።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች ማሬታ።

«እኔ ነኝ፣ እማ። ጥልቀቱን ተሳሳትኩና ውረጂ አልኳት።»

አክስቶቹ ሳቁ። «ውኃ የማያውቅ አጥማጅ። አባትህ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው።»

ለአጥማጅ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ቴሬቲያ ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልፍላት ነበር፤ ዝምም አለች፣ ቤት እስኪደርሱ። ደጃፉ ላይ ግን ከፊቷ የሚሄደውን የቴባኖን ጀርባ አየችና መራመድ አቃታት።

«እማማ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ቆይ ብሎኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሲሰድቡትም ዝም አልኩ።»

ማሬታ ምንጣፉን ከእጇ ተቀበለች።

«እጁን ሲዘረጋልሽ ከዳር ሆኜ አይቻለሁ። ልጄ ጥልቀት አይሳሳትም።» አክስቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። «ያንን ጫፍ ያዢ፣ እንጭመቀው።»

ቴሬቲያ ያዘች። ቀና ብላ ማየት ግን አልቻለችም።

«ተጣሞ ነው የሚደርቀው» አለች ማሬታ። «የምትተኙበት ሁለታችሁ ናችሁ። ጎናችሁን ሲቆረቁራችሁ ማን አጣመመው እንዳትባባሉ።»